አለህ?

አማርኛ ውስጥ «ባለቤት» የሚለው ቃል ሥራ ይበዛበታል። ንብረት ያለው ባለቤት ነው፤ የትዳር አጋርም ባለቤት ነው፤ ሰዋስው ስንማር ደግሞ ድርጊቱን የሚፈጽመው ባለቤት ይባላል። እኔ ቀኑን ሙሉ በምጽፈው ሲ ፕላስ ፕላስም ዋናው ጥያቄ ይሄው ነው፦ የዚህ ሜሞሪ ባለቤት ማን ነው? ሥራው ሲያልቅስ ማን ይልቀቀው?

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የቋንቋው ስታንዳርድ ሦስት ስማርት ፖይንተሮች ሰጠን። ዩኒክ ፖይንተር ብቸኛ ባለቤት ነው። ሼርድ ፖይንተር የጋራ ባለቤት ነው፤ ባለቤቶቹ ይቆጠራሉ፣ ቁጥሩ ዜሮ ሲገባ ኦብጀክቱ ይጠፋል።

ጣጣው የሚመጣው ሁለት ኦብጀክቶች በሼርድ ፖይንተር ሲያያዙ ነው። አሁን ያለሁበት ቡድን ስገባ ያገኘሁት ሰርቨር እንደዛ ነበር፤ ደንበኛው ትዕዛዙን ይይዛል፣ ትዕዛዙም ደንበኛውን ይይዛል። ከውጭ የሚፈልጋቸው ባይኖርም አንዱ ሌላውን ስለያዘ ቁጥሩ ዜሮ አይገባም። ሜሞሪው ቀን በቀን ይሞላል፤ በሳምንቱ ሰርቨሩ ይወድቃል።

መፍትሔው ሦስተኛው፣ ዊክ ፖይንተር ነበር። ከዛ በኋላ ትዕዛዙ ደንበኛውን ያውቀዋል እንጂ አይዘውም። ሲፈልገው መጀመሪያ ይጠይቃል፤ ጥያቄው «ሎክ» ይባላል። ደንበኛው ካለ ለጊዜው የጋራ ባለቤት ይሆንና ሲጨርስ ይለቃል። ከሌለ ባዶ እጁን ይመለሳል። ተራ ፖይንተር ግን አይጠይቅም፤ ቤቱ ፈርሶም ዘው ብሎ ይገባል። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 በየዓመቱ ከሚጠግናቸው የደህንነት ክፍተቶች 70 በመቶ ያህሉ ከሜሞሪ ጋር የተያያዙ እንደሆኑ ገልጿል።

እኛ የጠፋብንን ሰው ስናገኝ «አለህ?» እንላለን። ለእኔ ሎክ ማለት ይሄ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ዶርም አብሮኝ የኖረ ጓደኛዬ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ቁጥሩ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። «ለምን አታጠፋውም? ራስህን ነው የምትጎዳው» የሚሉኝ አሉ።

ዊክ ፖይንተር ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ኦብጀክቱ ከጠፋ በኋላም መቁጠሪያው የተጻፈባት ትንሽ ቦታ ሜሞሪ ላይ ትቆያለች፤ የምትለቀቀው የመጨረሻው ዊክ ፖይንተር ሲሄድ ነው። ኦብጀክቱ በሜክ ሼርድ የተፈጠረ ከሆነ እንዲያውም እሱ የነበረበት ቦታ ራሱ አብሮ ይቆያል። ይሄ ወጪ ነው፣ አልክድም። ግን ያቺ ቦታ ባትኖር «የለም» ብሎ በእውነት የሚመልስ አይኖርም ነበር።

ያ ቁጥርም ለእኔ እንደዛ ነው። ወዳጄን አልያዝኩትም፤ ሄዷል። መኖሩን የሚያውቅ፣ አለመኖሩንም የሚያውቅ አንድ መስመር ግን ስልኬ ላይ አለ። ቦታ ይይዛል፤ ይያዝ።

በዓል ሲመጣ እናቱ ጋ እደውላለሁ። ገና ሳልናገር «አለህ ልጄ?» ይሉኛል።

«አለሁ እማማ» እላለሁ።