የወይን ከተማው፣ የእማዬ ሂሳብና የእህቴ እንቅልፍ

እናንተዬ! «ለሦስት ቀን ሽርሽር ልንወጣ ነው» ስትሏት ደስ ብሏት የምትመርቅ እናት ካለቻችሁ እድለኞች ናችሁ። የኛዋ እማዬ ሂሳብ ነው የጀመረችው። ያውም በዩሮ መስሏችሁ? መጀመሪያ በብር፣ ቀጥላ በቆርቆሮ! «የሆቴሉ ብቻ ይሄን ያህል ከሆነ...» አለችና ጣቷን ቆጥራ «የወንድምሽን ቤት ጣሪያ ግማሹን ያለብሳል» ብላ ኩርፍ ብላ ቁጭ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ ሚላን ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባልና ሁለት ልጆች አሏት። ሥራዋ አሮጊት መጠበቅ ነው፤ እዚያ «ባዳንቴ» ይሉታል። ውሏ በዓመት 26 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣታል። ታዲያ ይሄን ፈቃድ ምን ታደርገው ነበር መሰላችሁ? በነሐሴ ጣሊያን በሙሉ ወደ ባሕር ይነጉዳል፣ የሰው ቤት ሠራተኞችም እረፍት ይወጣሉ፤ ሽማግሌና አሮጊቱ ግን ጠባቂ ይፈልጋል። እሷ ከራሷ አሮጊት እረፍት ወጥታ የሌላ ሰው አሮጊት ትጠብቅ ነበር! እኛ ቤት ግድግዳ የተለሰነው፣ የታናሽ ወንድማችን ኮሌጅ የተከፈለው በዚህች ገንዘብ ነው። እኛ ደግሞ አውሮፓ ስላለች ብቻ ተመቻችታ የምትኖር ይመስለን ነበር። በስልክ ስትስቅ ነዋ የምንሰማት!

ባለፈው መስከረም እማዬን ይዤ በጥሪ ወረቀት ሄድኩ። የእህቴ ባል «እማማን ሳላዝናና አልመልስም» ብሎ ሙጭጭ አለና ጉዞው ተቆረጠ።

የሄድንበት ከተማ ባርዶሊኖ ይባላል። ጋርዳ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ፣ ቬሮና አካባቢ ያለች ትንሽዬ ከተማ ናት። ጋርዳ የጣሊያን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 370 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የኛ ጣና ስምንት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል፤ ጥልቀቱ ግን 346 ሜትር ይደርሳል፣ ጣና ደግሞ 15 ሜትር ገደማ ነው። ከሚላን ወደ ቬሮና የሚሄደው ባቡር ፔስኪዬራ ላይ ያወርዳችኋል፤ ከዚያ በአውቶብስ ሐይቁን ዳር ዳር ይዞ መሄድ ነው።

አውቶብሱ ውስጥ እማዬ ነቃ አለች። «ፌርማታ» ሲሉ ሰማቻ! ወርደን «ፒያሳ» የሚል አየን። ቀኑ ሐሙስ ስለነበር ሐይቁ ዳር ገበያ ቆሟል፤ «መርካቶ» ይሉታል። እማዬ ወደኔ ዞር ብላ «እነዚህ ሰዎች አማርኛ ይችላሉ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት! ባንኮኒ፣ ቦርሳ፣ ፓስታ... የምታውቀውን እየለቀመች ለልጅ ልጆቿ ታስተረጉማለች፤ እነሱም «ኖና፣ ኖና» እያሉ ይከተሏታል። አያታቸውን «አያቴ» ማለት አልለመዱም፤ ይሄም ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

ከተማዋ ስሟ የገነነው በወይን ጠጇ ነው። ከሐይቁ ጀርባ ያሉት ጉብታዎች ጥንት የበረዶ ግግር ገፍቶ ያመጣው ጠጠርና ድንጋይ ናቸው፤ ወይኑ እዚያ ላይ በመደዳ ተተክሏል። ሐይቁ ብርዱን ስለሚያለዝበው ወይራም ይበቅላል። ዋናዎቹ የወይን ዘሮች ኮርቪናና ሮንዲኔላ ይባላሉ። በ1968 (እ.አ.አ.) ስሙ በሕግ ስለተከለለ ከአካባቢው ውጭ የተሠራ ወይን «ባርዶሊኖ ነኝ» ማለት አይችልም። ቀዩ ፈዘዝና ቀለል ያለ ነው። ኪያሬቶ የሚሉት ሮዝማ ደግሞ አለ፤ የፍሬው ልጣጭ ከጭማቂው ጋር ብዙ ስለማይቆይ ነው ቀለሙ የሚሳሳው። እኛ የደረስነው የለቀማ ሰሞን ስለነበር ሳጥን ሙሉ ወይን የጫነ ትራክተር ያልፍ ነበር። እማዬ በግድ አንድ ጉንጭ ቀመሰች። የሰፈራችን የታወቀች ጠጅ ጣይ ናትና አጣጣመችው፣ አሰበች... «ጌሾ የለው፣ ማር የለው፤ ታዲያ በምኑ ነው የሚያሰክረው?» አለች። አሳላፊው «ምን አለች?» ብሎ ቢጠይቅ የእህቴ ባል «በጣም ጥሩ ነው ብላለች» ብሎ ተረጎመለት።

ማታ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን የእህቴ ባል ማዶውን እያሳየ ሙሶሊኒ በመጨረሻ ዘመኑ የኖረው እዚያኛው ዳርቻ መሆኑን ነገረን። እውነቱን ነው፤ ከ1943 እስከ 1945 (እ.አ.አ.) ጀርመኖች አቋቁመውለት የነበረው መንግሥት በሳሎ ከተማ ስም ነው የሚጠራው፣ እሱም ጋርኛኖ በምትባል ቦታ ሐይቁ ዳር ቪላ ውስጥ ይኖር ነበር። የእማዬ አባት አርበኛ ነበሩ። ውሃውን አየችው፣ ተራራውን አየችው፣ መብራቱን አየችው። «ይሄን የመሰለ አገር እያለው እኛ ዘንድ ምን ፈልጎ መጣ?» አለች። መልስ የሰጠ የለም።

ለሚሄድ ሰው እዚህ ላይ ጥቂት ልምከር። ዳርቻው አሸዋ ሳይሆን ጠጠር ነው፤ ለልጆች የውሃ ጫማ ያዙ። ቡና ባንኮኒ ላይ ቆማችሁ ጠጡ፣ ከተቀመጣችሁ ይወደዳል። ምግብ ቤት ስትገቡ ለወንበሩ «ኮፔርቶ» የሚባል ሂሳብ በየሰው ይጨመርባችኋል፤ ተጭበረበርን ብላችሁ እንዳትጣሉ። ወደ ጋርዳና ወደ ላዚዜ የሚወስደው የሐይቅ ዳር መንገድ ሜዳ ስለሆነ የልጅ ጋሪ ይገፋበታል፤ ከፍለው ከሚገቡበት ሁሉ የበለጠ ያስደሰተን እሱ ነው። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መጀመሪያ ላይ (በነሱ) የወይን በዓል ስለሚያደርጉ አልጋ አይገኝም። ግቢ ውስጥ ተደብቃ ያለች ሳን ዜኖ የምትባል የ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ እማዬ ተሳልማታለች። ጣሊያን ለማይደርስ ሰው እኛም እኮ ዝዋይ አለን! ሐይቅም አለው፣ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ያስተከለው ወይንም አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት እህቴ ውሃው ዳር ያለ የፀሐይ ወንበር ላይ ጋደም አለች። «አምስት ደቂቃ» ብላ። አራት ሰዓት ሙሉ ተኛች! ልጆቹ ጮሁ፣ መርከብ ጥሩንባ ነፋ፣ ፀሐይ ዞረች፤ ወይ ንቅንቅ! ባሏ ልጆቹን ይዞ ሄደ። እኔ ጥላ ፍለጋ ተነሳሁ። እማዬ ብቻ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ከልላላት አጠገቧ ቁጭ እንዳለች ቀረች።

ተመልሼ ስመጣ የእህቴን እጅ ይዛ ታያለች። የሳሙናና የበረኪና እጅ ነው፤ የጣቶቿ ጫፍ ተሰነጣጥቋል፣ አንደኛው አውራ ጣቷ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ስንመጣ ኤርፖርት ላይ ጓንት አድርጋ ነበር የተቀበለችን፤ በመስከረም ሙቀት! ያኔ ፋሽን መስሎን ነበር። እማዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዘጠኙንም ዓመት እንዲህ ነበር?» አለችኝ። እኔ ምን ልበላት?

ይሄኔ የእህቴ ስልክ ጮኸ። ታላቅ ወንድማችን ነው፣ ከአገር ቤት። ልቀበላት ስል እማዬ ቀድማ ስልኩን ወሰደች። ሰላምታውን አላስጨረሰችውም። «ልጄ ተኝታለች» አለችው።

«ቀስቅሻት፣ ለቁም ነገር ነው፤ አናጢው ቆርቆሮውን አምጡ እያለ ነው።»

«አልቀሰቅሳትም። ክረምቱ እንደሆነ ወጥቷል፤ ጣሪያው ይቆይ።» ዘጋችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ፣ ከሚላን ቀቅላ የያዘችውን እንቁላል እየላጠች «ስትነሳ ይርባታል» አለች።

ወንድሜ እስከ ዛሬ እንዳኮረፈ ነው። እህቴን ሳይሆን እማዬን ነው ያኮረፈው። በቀደም እኔን ሲያገኘኝ ዞር አድርጎ «ለመሆኑ ሆቴሉ ስንት ነበር?» አለኝ። አልነገርኩትም።