ምትክ ቦታ

ጅማ ገበያ ላይ ቄጤማ የምትሸጥ ሴት ሸክሟን ስታወርድ ከሣሩ ግርጌ ጥቁር ጭቃ ጠብ ጠብ ይላል። ገዢው በዋጋው ይከራከራል እንጂ ሣሩ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ቡናው የአጋሮ ነው፣ የለም የሊሙ ነው፣ ኧረ የጌራ ነው እያልን ግማሽ ቀን የምንሟገት ሰዎች፣ ስኒው ሥር የተጎዘጎዘውን ሣር አገር እንደሌለው አድርገን እናልፈዋለን። አገሩ ጨፌው ነው። ቦዬ ነው፣ ኮፌ ነው፣ ቂጦ ነው፤ በየኮረብታው ግርጌ ስም ሳይወጣለት የተኛው ረግረግ ሁሉ ነው።

ጅሬን ወጥቶ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጃፍ ቁልቁል ያየ ሰው የከተማዋ አቀማመጥ ቶሎ ይገባዋል። ቤተ መንግሥቱ ከፍታውን ያዘ፣ የሂርማታ ገበያ ከታች ቀረ፣ ከገበያው በታች ያለው የውኃ ድርሻ ሆነ። የአዌቱ ወንዝ ከተማዋን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ፣ የሳሙናውን አረፋም የፌስታሉንም ክምር፣ ያቀበሉትን ሁሉ ተቀብሎ ወደ ቦዬ ይወርዳል። ቦዬ የቻለውን ያጣራል፣ የቻለውን ደለል ያስቀራል፣ የተረፈውን ወደ ግልገል ግቤ ይለቃል። 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው ግድብ ደግሞ ከዚያ በታች ተቀምጦ የሚመጣለትን ይቀበላል። ለቦዬ የድካሙን የከፈለ ሰው እንዳለ አልሰማሁም። ጉማሬ ለማየት መንገድ ዳር መኪና የሚያቆም መንገደኛ ግን አይጠፋም።

ክፍያው ይቅርና ረግረጉን የሚቀንሰው ነው የበዛው። የጅማ ቤት በጅማ ረግረግ ጭቃ ተሠራ ቢባል ማጋነን ነው፤ ሆኖም ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ለጡብ የሚሆነው ጭቃ የሚገኘው እዚያ ነውና ይቆፈራል፣ ይቀረጻል፣ ይተኮሳል፤ ጉድጓዱ ይቀራል። ከጉድጓዱ ዳር ባሕር ዛፍ ይተከላል፤ ባሕር ዛፉ ውኃውን ይጠጣል። በደረቀው ላይ ጎመንና ቃሪያ ይመጣል። ከጎመኑ ቀጥሎ አጥር ይመጣል፣ ከአጥሩ ቀጥሎ የግንባታ ድንጋይ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቦታው «ባዶ መሬት» ነው የሚባለው። ኩርኪ የሚባሉት ወፎች ባዶ መሆኑን አልሰሙም፤ አሁንም እየመጡ ይቆሙበታል።

ወባንም እናሳብባለን። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወባ ትንኝ ዕጭ የት እንደሚበዛ ለማወቅ ከየረግረጉና ከየኩሬው ውኃ እየጨለፉ ቆጥረዋል። ዕጩን በብዛት ያገኙት ሰው በነካካው ቦታ ነው፤ ጭቃ በወጣበት ጉድጓድ፣ የከብት ኮቴ ባቆረው ጊዜያዊ ኩሬ። ሣሩ ባልተነካበት፣ ውኃው ዓመቱን ሙሉ በማይጠፋበት ጨፌ ውስጥ ግን ዕጩን አድነው የሚበሉ የውኃ ነፍሳት አሉና ትንኟ እንደልቧ አትፈለፈልም። ስለዚህ ጨፌውን አድርቀን ጡብ ስናወጣበት ወባን አላባረርንም፤ የተሻለ ቤት ሰጠናት።

ረግረግ እየተደፈነ ለማለቁ ጣጣ አሜሪካኖች ባንክ ከፍተዋል። ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1972 ከወጣው የንጹሕ ውኃ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ በሚሸፈን ረግረግ ውስጥ አፈር ሊደፋ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ፈቃድ ያወጣል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ፣ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ቢሆንም፣ የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ክፍል ነው። በ1989 የአባትየው ቡሽ መንግሥት የአገሪቱ ረግረግ በድምር እንዳይቀንስ የሚል መመሪያ ያዘ። በድምር የምትለዋን ያዙልኝ። እዚህ የደፈነ እዚያ ይተካል ማለት ነው። ሱቅ ሊገነባ የመጣ ነጋዴ ሸምበቆ ማብቀል ስለማይችልበት ሥራውን በሙያ የያዙ ድርጅቶች ተነሡ። ድርጅቱ ድሮ የተንጣፈፈ የእርሻ መሬት ይገዛል፣ ቦዩን ይደፍናል፣ ውኃውን ይመልሳል። ባለሥልጣኑ ለክቶ በመዝገብ ነጥብ ይይዝለታል፤ ነጥቡ ሌላ ቦታ ረግረግ ለሚደፍን ሰው ይሸጣል። ባንክ ያልኩት ይህንን ነው። በ2008 የወጣ ደንብ ደግሞ ይህን መንገድ ከሌሎቹ አስቀደመው። ባንኮቹ የት የት እንዳሉ የሚያሳይ ሪቢትስ የሚባል መዝገብ አለ፤ ካርታውን ማንም ከፍቶ ሊያይ ይችላል።

ካርታው ነው ዋናው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጄ. ቢ. ሩል እና ጄምስ ሳልዝማን የተባሉ ሁለት የሕግ ምሁራን የፍሎሪዳን ባንኮች ከደፋኞቹ ቦታ ጋር አስተያይተው፣ ረግረጉ ሕዝብ ከተጨናነቀበት ከተማ እየለቀቀ ሰው ወደሳሳበት ገጠር እንደሚሄድ አሳዩ። የማንም ተንኮል አይደለም። ገጠር መሬት ይረክሳል፣ ሰፊና የተያያዘ ነው፣ ውኃውን መመለስም ይቀላል። ድምሩ ልክ ነው። ከተማው ግን ደረቀ።

ይህ እንዲገባን ፍሎሪዳ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ቤቱ ለመንገድ የፈረሰበት ሰው ከከተማው ጫፍ ምትክ ቦታ ሲሰጠው ካሬው ተሟልቶለታል፣ ካርታውም በእጁ ነው። ያልተተካለት ዕድሩ፣ ገበያው፣ በእግር የሚደረስበት የልጆቹ ትምህርት ቤት ነው። ረግረግም እንዲሁ ዕድርተኛ አለው። ቄጤማ ቆራጯ፣ ጥጃውን በበጋ የሚያሰማራው ልጅ፣ አዌቱ በክረምት ሲሞላ ውኃው ቤቱ የሚገባበት ሰው፣ ሁሉም ዕድርተኞች ናቸው። ጨፌው ሌላ አውራጃ ሄዶ ሲለመልም እነዚህ አብረውት አይሄዱም።

እንዲህ ያለ ባንክ ነገ ጅማ ቢከፈት ምትኩ የት እንደሚሰጥ መገመት አይከብድም፤ ኢሉባቦር ነው። መቱ ዙሪያ ያሉት ረግረጎች ብዙ ናቸው፣ ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ የእንግሊዙ የሐደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከአገሬው ጋር አጥንተዋቸዋል፣ ባለቤትም አላቸው። እዚያ ገበሬው ጨፌውን ከጥንት ያውቀዋል። ከክረምት በኋላ ቦይ ያወጣል፣ በበጋው በቆሎ ይዘራል፣ የጎተራው እህል ሲያልቅና የደጋው ገና ሳይደርስ ያንን ይበላል። ቦዩ መቼ እንደሚጠረግ፣ ውኃው መቼ እንደሚለቀቅ የሚያስተባብር አባ ለጋ የሚባል ሰው ይመረጣል። ብልሆቹ ከሸለቆው ራስ ላይ ጨፌ ሳይነኩ ይተዋሉ፤ ምንጩ እንዳይነጥፍ። ተንኮለኛ ቦይ ቆፋሪ ጎረቤቱን ሲያደርቅበት አባ ለጋ አለ። የጅማ ፎቅ ሠሪ ጅማን አድርቆ ምትኩን ኢሉባቦር ቢሰጥ ግን ማን ይከሰስ?

ደግሞም ውኃው ሌላ ነው። የጅማ ውኃ በግልገል ግቤ አድርጎ ኦሞ ይገባል፤ የመቱ በባሮ ይወርዳል። አጋሮ እንኳ፣ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው፣ ውኃዋን ለዴዴሳ ትሰጣለች፤ ዴዴሳም ለዓባይ። አሜሪካኖች ባንኩ የሚያገለግለውን ወሰን አብዛኛውን ጊዜ በተፋሰስ ይከልላሉ፤ በዚያ ሚዛን አጋሮ ለጅማ ሌላ አገር ናት። በአንድ ዞን ስብሰባ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ከተሞች ውኃቸው አንዱ ቱርካና፣ አንዱ ሜዲትራኒያን ሊደርስ ተነሥቷል።

ምትክ በቅርብ ሊሰጥ እንደሚችል የሚያሳየው ነገር፣ የሚገርመው፣ ያለው እዚያው አጋሮ ዙሪያ ነው። በቡና ወቅት፣ እሸቱ በሚለቀምበት ሰሞን፣ የቡና መፈልፈያው የምንጩን ውኃ ወስዶ የሚመልሰው ቡኒና ጎምዛዛ አድርጎ ነበር፤ ከበታች ያለ ሰው ያንን ሽታ ያውቀዋል። እንደ ዱሮሚና ያሉ የቡና ገበሬዎች ማኅበራት በተቋቋሙበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ፣ ቴክኖሰርቭ የሚባለው ድርጅት በአካባቢው ሲሠራ ከመፈልፈያው በታች ቬቲቨር የተተከለበት ረግረግ መሥራትን አስፋፋ። እጣቢው በሣሩ ሥር ዘግይቶ ያልፋል። ቬቲቨር ራሱ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ በመልኮ ምርምር ጣቢያ በኩል የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቅጠሉም ቡና ለሚፈላበት ቤት ጉዝጓዝ ይሆናል። የሚያቆሽሸውና የሚያነጻው በአንድ ምንጭ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ቦታው ልክ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው እላለሁ።

ስለዚህ ጅማ ምትክ ከፈለገች ኮፌና ቦዬ ያሉትን የተተዉ የጡብ ጉድጓዶች ትመልከት። ጭቃቸው ወጥቷል፣ ለቤት አይመቹም፣ ውኃው ራሱ ይመጣላቸዋል፤ የጎደለው ቦዩን የሚደፍን እጅ ነው። ችግሩ ዳር የቆመው ባሕር ዛፍ ነው። ባለቤቱ አጣና ሸጦ ልጅ ያስተምርበታል፤ ንቀል ሲባል የስንት ዓመት ዋጋ ልትሰጡኝ ነው ማለቱ አይቀርም፣ ልክም ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ አንዴ ተቆርጦ አያልቅም፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ገማቹ የቆመውን ግንድ ቆጥሮ ሊሄድ ይፈልጋል። እኔ ለጉቶውም ይከፈል ባይ ነኝ።