«ሰዓቱ ልክ አይደለም»

ለመስጂድ ድረ-ገጾች የሶላት ሰዓት የሚያሳይ አሮጌ የዎርድፕረስ ፕለጊን ከሌላ ሰው ተረክቤ እያደስኩ ነው። ኮዱ የፒኤችፒ 5 ዘመን ነው። ሰርቨሮች ወደ ፒኤችፒ 8 ሲያድጉ ገጾቹ መከፈት አቆሙ፤ ኮዱ ከሚጠቀምባቸው ትእዛዞች አንዳንዶቹ በ8 ጭራሽ ተወግደዋልና። ይህ ቀላሉ ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ ፋይሉንና መስመሩን ይነግርሃል።

ከባዱ «ሰዓቱ ልክ አይደለም» የሚል የአንድ መስመር መልእክት ነው። በስንት? የት ከተማ? መልስ የለም። ወገን፣ «አልገባቸውም» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ አንዳንዴም እውነት ነው። አንዱ «6 ሰዓት ይለያል» ብሎ ተቆጣኝ። ፕለጊኑ ዙህርን 12:20 ሲል እሱ የለመደው 6:20 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያሳይ ምርጫ ጨመርኩ፣ ታረቅን።

ሌላው ከጅማ ነው የጻፈው፤ «መግሪብ ጥቂት ደቂቃ ይቀድማል» አለ። ስፈትሽ ኮዱ ውስጥ ያለው የአዲስ አበባ ኬክሮስና ኬንትሮስ ብቻ ነው። ጅማ በስተምዕራብ ስለሆነች ፀሐይ የምትጠልቅባት ዘግይታ ነው። በረመዳን ይህ ማለት መግሪብ ሳይገባ ማፍጠር ነው! ይህን የትኛውም የስህተት መዝገብ አይነግርህም። ኮዱ በፒኤችፒ 8ም ያለ እንከን ይሠራ ነበር፣ የተሳሳተ ሰዓት እያሳየ።

ሁሉን አፍርሶ ከዜሮ መጻፍ ያጓጓል (ፕሮግራመር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ)። እኔ ግን መጀመሪያ እያንዳንዱን ቅሬታ ወደ ቴስት እቀይራለሁ፤ ኮዱን የምነካው ከዚያ በኋላ ነው። የከተማ መምረጫው አሁን ገብቷል። የጅማው ወንድም ደግሞ «ፊደሉ ስልክ ላይ በጣም ያንሳል» ብሎ ልኳል።