«ግልጽ ነው?»

አንባቢ ሆይ፤ አስተማሪ ሁሉ አብዝቶ የሚወደው ቃል ምን እንደ ሆነ ታውቃለህን? «ግልጽ ነው?» የሚለው ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ቃል በአንድ የሃያ አምስት ደቂቃ ትምህርት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ብያለሁ። ቆጥሮ የነገረኝ የሥራ ጓደኛዬ ነው እንጂ እኔስ አላወቅሁትም ነበር። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ቃሉን የተናገርሁት በባዶ ክፍል ውስጥ፣ ለብቻዬ ከስልክ ፊት ተቀምጬ መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ወጥቼ በፍኖተ ሰላም የሒሳብ አስተማሪ ከሆንሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ውጊያ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ የስልክ ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ታስታውሳለህ። መስመሩ ሲመለስ፣ ከትምህርት ለራቁት የአሥረኛ ክፍል ልጆች ትምህርቱን እየቀረጽሁ በቴሌግራም ልልክላቸው ቆረጥሁ። ሃያ ትምህርት አዘጋጀሁ። በመጨረሻም «ትምህርቱ እንዴት ነበር?» የሚል መጠይቅ ላክሁ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው መለሱ። እውነቱን ልንገርህ፤ ያን ቀን ጓደኞቼን ሻይ የጋበዝሁ እኔ ነበርሁ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ልጆቹን ሰብስቤ በሰጠኋቸው ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ነበረበት፤ «100 ብር የነበረ በርበሬ በመቶ 20 ተጨምሮበት፣ ቆይቶ ደግሞ በመቶ 20 ቢቀነስለት ዋጋው ስንት ይሆናል?» የቡሬ ልጅ ከበርበሬ ጋር ያደገ ነውና ይህን አይስትም ብዬ ነበር። ከግማሽ የሚበልጡት «100 ብር» ብለው ጻፉ። መልሱ 96 ነው፤ ሁለተኛው የሚቀነሰው ከ120 ላይ ነውና። ይህንኑ በአራተኛው ትምህርት አስረድቻለሁ፤ «ግልጽ ነው?» ብዬም ጠይቄአለሁ! በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች በመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ ለሚያውቅ አስተማሪ፣ ይህ በሣቅ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

እንግዲህ መጠይቁ ስለ ምን ዋሸኝ? አንዱን ተማሪ ለብቻው ጠርቼ ብጠይቀው፣ «መምህር፣ ስማችሁን ጻፉ ብለውን የለ? ነገ የሚያርሙን እርስዎ ነዎት» አለኝ። ሌላው ጉድለት ከዚህ የባሰ ነው። መጠይቁ የሄደው በኢንተርኔት ስለ ሆነ የደረሰው ኢንተርኔት ላላቸው ብቻ ነበር። ትምህርቱ ያልደረሰው ልጅ «አልደረሰኝም» ብሎ የሚጽፍበት መንገድ የለውም። እኔ ራሴ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ፣ ከአስተማሪዎቻችን አንዱ የሚልኩልንን ለማግኘት ከቤታችን ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ እወጣ ነበር። ኮረብታ ያልነበራቸው ጓደኞቼ ምን እንደ ደረሱ የጠየቀ አልነበረም። ይህን ያየሁ ሰው ያንኑ መድገሜ አሳፈረኝ።

ስለዚህ በእግሬ መጠየቅ ጀመርሁ። ቡሬ ላይ ዘፈን በሚሞሪ የሚጭን አንድ ባለ ሱቅ፣ «ያንተንም ትምህርት የሚያስጭኑ ልጆች ይመጣሉ፤ ረጅም ረጅሙን ግን ተወው ይሉኛል፤ ስልካቸው አይችልም» አለኝ። ከሁሉ የረዘመው የትኛው ነበር? አራተኛው! በሌላ ጊዜ በገበያ ቀን ከገጠር የመጡ የአንዲት ተማሪዬን አባት አገኘሁ። ቀለም ያልቆጠሩ ሰው ናቸው። «መምህር፣ ስልኩን ቀን እኔ ይዤው እውላለሁ፤ ልጅቱ የምታገኘው ማታ ነው። እኛም አብረን እንሰማለን። አንቱ ግን ይቸኩላሉ፤ እሷ ጽፋ ሳትጨርስ ወደ ሌላው ያልፋሉ» አሉኝ። የትኛውም መርማሪ እንዲህ አድርጎ አልነገረኝም።

በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውን የ«ፕላዝማ» ትምህርት አስታወስሁ። በሳተላይት የሚመጣው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይመልሳል፤ ተማሪው ገባውም አልገባውም ያልፋል። በዚያ ስቀን ያደግን ልጆች ነን፤ እኔ ግን በኪስ የሚያዝ ፕላዝማ ሆኜ ተገኘሁ። በአገራችን በጎጃም ቅኔ ቤት እንኳ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፤ እርሳቸውም ሰምተው የተበላሸውን ያቃኑለታል። ጆሮ የሌለው መምህር በዚያ ቤት አይታወቅም።

ምስክር ሲበዛ ግን ቃሉ መጋጨቱ አልቀረም። ጎበዞቹ «ቀስ ሲሉ ያሰለቻል» ይላሉ፤ አባትየው ትቸኩላለህ ይሉኛል። ሁሉን እኩል መስማትም ፍርድ አይደለም። የፈተናው ወረቀት የተሳሳቱበትን ቦታ ያሳየኛል፤ ምክንያቱን ግን የሚያውቀው ልጁ ነውና አንዱን ካለ ሌላው አላምንም። ከሁሉ ይልቅ ግን ትምህርቱን ጀምረው ላቋረጡት አደላሁ፤ ጎበዙ ቢሰለች አልፎ ይሄዳል፣ ያቋረጠው ግን ወደ እርሻ ወይም ወደ ትዳር ነው የሚሄደው።

አራተኛውን ትምህርት ሦስት ቦታ ቆራረጥሁት። ስልኩ ለማይችል በድምፅ ብቻ አዘጋጀሁ፤ ከርሱም ጋር አንድ ገጽ ወረቀት አባዝቼ በገበያተኛ እጅ ላክሁ። ከመጠይቁ ስም አስቀረሁ፤ «ጥሩ ነበርን?» ማለቱንም ትቼ «እዚህ ቦታ ጠፋብኝ የምትሉበትን ጻፉ» አልሁ። «ግልጽ ነው?» በሚለው ፈንታ ልጆቹ ራሳቸው የሚሠሩት አንድ ጥያቄ አስገባሁ። ያንን የበርበሬ ጥያቄ ቁጥሩን ለውጬ ብሰጣቸው የሳቱት ቁጥር አነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

ባለፈው ቅዳሜ የእኒያ ሰውዬ ልጅ በአባቷ እጅ የታጠፈ ወረቀት ላከችልኝ። «መምህር፣ በሰባተኛው ትምህርት አራተኛው ደቂቃ ላይ ሃያ ይላሉ፤ ወረቀቱ ላይ ግን 25 ነው የተጻፈው። የትኛው ነው?» ይላል። ከፍቼ ሰማሁት፤ እውነቷን ነው። ዛሬ ማታ እንደ ገና እቀርጸዋለሁ።