ከቢቸና እስከ አንድነት ፓርክ፦ የአምስት ሰው ስንቅ

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለሽርሽር ስትነሡ አስቀድማችሁ የምታሰሉት የቱን ነው? እኛ ቤት የምናሰላው ትራንስፖርትና ማደሪያ ብቻ ነበር። ምግቡን «ቤት ያፈራውን ይዘን እንሄዳለን፣ የጎደለውን ጌታ ይሞላዋል» እንል ነበር። በሉቃስ ወንጌል ግንብ ሊሠራ ስላሰበው ሰው የተነገረውን ምሳሌ ባለቤቴ ብዙ ጊዜ ሰብኮበታል፤ ሻንጣ ስናዘጋጅ ግን ለሁለታችንም ትዝ ብሎን አያውቅም።

ዋጋውን የከፈልነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ልጆቹን ጣና ለማሳየት ከቢቸና ተነሥተን በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርገን ባሕር ዳር ሄድን። ዓሣው ጣፋጭ፣ ጀልባውም ደስ የሚል ነበር። ባለቤቴ ግን መጋቢ ነው፤ ምሳ ላይ የሚያውቀው ሰው ካገኘ ሒሳቡን ሳይከፍል መነሣት አይሆንለትም። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ኪሳችን ባዶ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ሰው እየሰማ፣ ልጆቹ እያዩ፣ የማይባል ነገር ተናገርኩት። ሞጣ ስንደርስ ወንድሙን የቀረውን መሣፈሪያ ለመነው። ያን ቀን ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ሲያወራ ያየሁት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

ስለዚህ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ተከፍቶ ልጆቹ «እንሂድ» ብለው ሲነዘንዙኝ፣ እሺ ያልኩት ምግቡን እኔ እንደማሰላ ከባለቤቴ ጋር ከተስማማን በኋላ ነው። ስሌት ለእኔ አዲስ አይደለም። የተወለድኩት በደጀን ወረዳ የጥኖራ ነው። በደርግ ዘመን የየጥኖራ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር በምሳሌነት ስሙ የሚጠራ ነበር። የእኛ ቤት እህል በሥራ ነጥብ ነበር የሚመጣው፤ አባቴ ማታ ማታ ነጥቡን ሲቆጥር፣ እናቴ ደግሞ ነጥቡን ወደ እንጀራ ስትመነዝር ነው ያደግሁት። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ማኅበራቱ ሲበተኑ እናቴ መቁጠሩን አልተወችም። እኔም ከእርሷ ነው የወረስኩት።

ጉዟችን በጥር መጨረሻ፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት ነበር። ረቡዕ ሄደን ቅዳሜ እንመለሳለን፤ እሑድ ስብከት አለ። ለምግብ የመደብነው 2,400 ብር ነው። የፓርኩ መግቢያ ለብቻ ነው፤ መደበኛው ያን ጊዜ 200 ብር ነበር። ገንዘቡን በፖስታ ከፋፈልኩት፦ ለረቡዕ 400፣ ለፓርኩ ቀን ለሐሙስ 900፣ ለዓርብ 300፣ ለቅዳሜ 400። የቀረው 400 በመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ነው። ዛሬ ይህን ስታነቡ ፈገግ ትሉ ይሆናል፤ በተለይ ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ቁጥሩ ሁሉ ተለውጧል። አሀዙን ተዉትና አከፋፈሉን ውሰዱ፦ የፓርኩ ቀን ከሌላው ቀን ከእጥፍ በላይ ነው፣ መጠባበቂያው ደግሞ ከጠቅላላው አንድ ስድስተኛ ነው።

ስንቁ የመጣው ከሞጣ ነው። አማቴ አንድ ጆንያ ሙሉ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና በሶ፣ በአንድ ቅል ደግሞ ማር ላኩልን። እኔ ከቢቸና ከአውድማ ገና የገባ ነጭ ጤፍ አስፈጭቼ፣ ሽሮና ቅቤ ጨመርኩበት። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። የምናርፈው አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን ቤት ነው፤ እዚያ ማረፍ ደግሞ ነፃ ምግብ ማለት አይደለም። በከተማ ኑሮ አምስት ሰው በድንገት ማዕድ ላይ ሲጨመር ምን ማለት እንደሆነ የቤቱ እመቤት ብቻ ታውቃለች። ዱቄቱን ሳስረክባት «ምነው ደከምሽ» አለችኝ፤ ፊቷ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ።

አንድ ምክር ልስጣችሁ። ከቢቸና በየትመን አድርጋችሁ ደጀን ስትደርሱ ልጆች ራበን ይላሉ። አትስሟቸው። ከደጀን ቀጥሎ የዓባይ በረሃ ነው፤ ጠመዝማዛው ቁልቁለት፣ ሙቀቱ፣ ከድልድዩ ማዶ እንደገና ዳገቱ። በጥጋብ የወረደ ልጅ የበላውን ይዞ አይወጣም፣ የከፈላችሁበት ምሳም በላስቲክ ውስጥ ይቀራል። ለእኛዎቹ ጥቂት ዳቦ ቆሎና ሎሚ ሰጥቼ ምሳውን ጎሐ ጽዮን አደረግሁት። ረቡዕ ስለሆነ ሁሉም ቤት ያለው የጾም ነበር። ትልቁ ልጄ ጥብስ አምሮት አኮረፈ። እኛ ረቡዕን ባንጾምም፣ አገሩ በሚጾምበት ቀን መጓዝ ለኪስ ይበጃል፦ ሁለት በያይነቱ አምስታችንን አጠገበን፣ ከ400 ብር ውስጥም 230 ብር ተረፈ። አፌን ሞልቼ ባለቤቴን «አየህ?» አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት ድርቆሹን በቅቤ ፈርፍሬ አበላኋቸው፤ ስንቅ ተሸክመን ቤተ መንግሥት አንገባም። ለእያንዳንዱ ልጅ 60 ብር በእጁ ሰጠሁት። ጭማቂም ሆነ አይስክሬም የሚገዛው ከዚያ ነው፣ ሲያልቅ አለቀ። ወላጆች ሆይ፣ በሽርሽር ቀን ኪስ የሚያራቁተው እንጀራ አይደለም፤ የታሸገ ውኃ፣ ለስላሳና «ይሄን ብቻ» የሚባለው ነገር ነው።

የክልሎቹን እልፍኝ ዞረን፣ የምኒልክን የግብር አዳራሽ ገባን። ያን ስፋት አንዴ ማየት ነው! በአንድ ጊዜ ሺዎች ተቀምጠው የሚበሉበት፣ ጮማና ጠጅ የሚፈስበት አዳራሽ። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይህን በስንት ፖስታ ትከፋፍይው ነበር?» አለኝና ሁለታችንም ሳቅን። ከመናኸሪያው ወዲህ በገንዘብ ጉዳይ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው።

ሁለተኛዋ ልጄ ግን አልሳቀችም። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ወንዶቹ 60 ብራቸውን ገና ሳይረፍድ ጨርሰዋል። እርሷ ምሳ ላይ «አልራበኝም» ብላ ሁለት ጉርሻ ብቻ በላች። ውኃ ስገዛላት «የወንድሜን እጠጣለሁ» አለች። ፀሐዩ ነው ብዬ አለፍኩት። ማታ ዘመዶቻችን ቤት ራሷን ይዟት ተኛች። ልብሷን ሳወልቅ 60 ብሩ እንደተጣጠፈ ከካልሲዋ ውስጥ ወደቀ።

«ለምን አልገዛሽበትም?» አልኳት።

«ካለቀ አንቺና አባዬ ትጣላላችሁ» አለችኝ።

አንባቢዬ፣ ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ፖስታውን ሳሰላ ልጆቹ የተኙ መስሎኝ ነበር። «ይሄ ካለፈ አለቀልን፣ እንደ ባሕር ዳሩ መሆናችን ነው» ስል ግድግዳው ጭቃ እንደሆነና ድምፅ እንደሚያሳልፍ ረሳሁት። ገንዘቡን በትክክል አስልቻለሁ። ከ900 ብሩ 310 ብር ተርፎኛል። ልጄ ግን በዚያ ሁሉ የግብር አዳራሽ መካከል ተርባ ዋለች።

ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። እርሱ ተቆጣኝ? አልተቆጣም። ተነሥቶ በሶ በማር በጥብጦ አጠጣት፤ ከዚያም የዓርብና የቅዳሜን ፖስታ አምጥቶ አልጋዋ ላይ ዘረገፈው። «ቁጠሪው» አላት። ቆጠረች። መጠባበቂያውን ከመጽሐፍ ቅዱሴ አውጥቼ ጨመርኩላት። ለካስ ምን ያህል እንዳለን የነገራት አልነበረም፤ የሰማችው እንደሚያልቅ ብቻ ነው። ባለቤቴ ስለ ባሕር ዳሩ ይቅርታ ጠየቃት፣ እኔም ጠየቅኋት። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እኛ ቤት በጀት የሚሠራው ልጆቹ ባሉበት፣ ቀን፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

ቅዳሜ ስንመለስ የምሳውን ፖስታ የያዘችው እርሷ ነበረች። ጎሐ ጽዮን ላይ አስተናጋጁን ጠርታ የእያንዳንዱን ዋጋ ጠየቀች፣ በጣቷ ደመረች፣ ለወንድሟ ጥብስ፣ ለራሷም ጥብስ አዘዘች። ለእኛ ለሁለታችን አንድ ሽሮ በቂ ነው አለች። ባለቤቴ በሩ ላይ የሚያውቀው ሰው አየና ሊነሣ ሲል እጁን ያዘችው። ከዚያ ፖስታውን ከፍታ አየችና «አባዬ፣ ለእርሳቸው ሻይ ይበቃል» አለችው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአካባቢያችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ያን መንገድ ልጆች ይዞ ለሽርሽር መውጣት ቀላል አልሆነም። አማቴ ከሞጣ ዳቦ ቆሎ የሚልኩልን ሰው ሲገኝ ብቻ ነው። ፖስታዎቹ ግን ከመሳቢያው ውስጥ አሉ፤ አንዱ ላይ በልጄ የእጅ ጽሑፍ «የአባዬ እንግዳ፦ ሻይ» ይላል።