አሬኪፓና የኮልካ ሸለቆ

ፔሩ ውስጥ ለተደረገ ጉባኤ ከአለቆቻችን ጋር ጽሕፈት ለመያዝ የተላክን ሦስት ሠራተኞች፥ ሥራው ሲፈጸም ባገኘነው የዕረፍት ጊዜ አሬኪፓን ለመጎብኘት ተነሣን። ይህች ከተማ በእስፓንያውያን እጅ እ.ኤ.አ. በ1540 የተቈረቈረች ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ አየሯ አዲስ አበባን አስታወሰን። በስተጀርባዋ 5822 ሜትር የሚረዝመው የሚስቲ እሳተ ገሞራ እንደ ዘበኛ ቆሟል።

የጥንት ቤቶቿ የታነጹት ሲያር በሚባል፥ ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ነጭ ድንጋይ ነው። የኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት የ1698 ዓመት ምልክት ተቀርጾበታል፤ አበባውንና ወይኑን አይተን የጠራቢዎቹን እጅ አደነቅን። ትእዛዙ የጌቶች፥ ጥበቡ ግን የአገሬው ሰው ነበር።

በማግሥቱ ወደ ኮልካ ሸለቆ ጕዞ ጀመርን። «እኛ የደጋ ልጆች ነን፤ ከፍታ አያስደነግጠንም» እያልን ስንመጻደቅ፥ 4910 ሜትር ከሚደርሰው መተላለፊያ ላይ ራሳችንን ያዞረን ጀመር። ሾፌሩ ፈገግ ብሎ በኮካ ቅጠል የተፈላ ሻይ አጠጣን፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ደጋ የተናገረ የለም።

ሸለቆው ከ3000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ኮንዶር የተባለው ታላቅ አሞራ ክንፉን ሳያርገበግብ ከገደሉ ሥር ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በተራራው ወገብ ከኢንካዎች ዘመን በፊት የተካበ እርከን ይታያል፤ ገብስና ባቄላ በቅሎበት ስናይ አገራችን ያለን መሰለን።

ዳሩ ግን ከ1570 በኋላ በነበሩት ዓመታት ቶሌዶ የተባለው የእስፓንያ እንደራሴ ተበታትኖ ይኖር የነበረውን ሕዝብ ለግብርና ለጕልበት ሥራ እንዲመች ከየቦታው አንሥቶ በመንደር ሰበሰበው። ከእርከኑም ብዙው ጠፍ ሆኖ ቀርቷል። ይህን በሰማን ጊዜ በቅኝ ያልተገዛን ሕዝብ በመሆናችን ተኵራርተን፥ የባዕድ ገዥ ግፍ ነው ብለን ልናልፈው ነበር። ከመካከላችን አንዱ ግን ብዙ ዝም ብሎ ቆይቶ፥ «በ1978 ዓ.ም. ሐረርጌ ውስጥ አያቴን ከእርሻዋ አንሥተው መንደር ሲያስገቧት ለጥቅምሽ ነው ብለዋት ነበር» አለ። የምንመልሰው አጣን። የአያቱን ስም በዝርዝር ላይ ያሰፈረው እንደ እኛ ያለ ጸሐፊ መሆኑ ሳይነገር ገባን።

ወደ አገራችን ተመልሰን ጠረጴዛችን ላይ ያገኘነው የመጀመሪያ ሥራ፥ ለመንገድ ሥራ ከቦታቸው የሚነሡ አባወራዎች ዝርዝር ነበር። ቀድሞ ቢሆን ቍጥሩን ደምረን ወደ በላይ እናስተላልፈው ነበር። በዚያን ቀን ግን ከአለቃችን ፈቃድ ጠይቀን፥ ወረቀቱን ይዘን ሰዎቹ ወዳሉበት ሄድን።