ለእኔ ክንድ የሚሆን ራኬት

ሰሞኑን ለራሳችሁ ምን ገዛችሁ? ለልጅ፣ ለቤት ወይም ለዘመድ ሠርግ አይደለም የምላችሁ፤ ለራሳችሁ ብቻ። ባለቤቴ ይህን ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ጫማ ልል አሰብኩና እሱም ለሥራ የገዛሁት መሆኑ ትዝ አለኝ። እቁቤ ሲወጣልኝ ታዲያ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ለይቼ፣ ከቀረው ላይ ዘጠኝ ሺህ ብር ቀነስኩና ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። ፖስታው ላይ «ራኬት» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ላጫውታችሁ፤ ምናልባት የእኔ ስህተት ለእናንተ ገንዘብም ክንድም ያተርፍላችሁ ይሆናል።

ነገሩ የተጀመረው በኮንዶሚኒየማችን ግቢ ነው። ልጄ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት ከሱፐርማርኬት የባድሜንተን ራኬት ገዛንላት፤ ሁለት ራኬትና ሦስት የፕላስቲክ ሻትል አንድ ላይ ታሽጎ የሚሸጠውን። ሻትል የምላችሁ ላባ ያላትን ትንሿን ኳስ ነው። አብሯት የሚጫወት ሲጠፋ እኔ ወረድኩ። መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በነጠላ ጫማ። ንፋሱ ሻትሏን ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ይጥላታል፤ ጎረቤታችን እትዬ ከተሰጣው በርበሬ መሃል አንስተው ይወረውሩልናል። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጄ ደክሟት ልግባ ስትል፣ «አንድ ጨዋታ ብቻ» ብዬ የምለምነው እኔ ሆንኩ።

በዚያው ሰሞን ሐኪም ስኳሬ ከፍ ማለት መጀመሩን ነግሮኝ ነበር። ጂም ሞከርኩ፤ መሮጫ ማሽኑ ላይ ሆኜ ሰዓት ከማየት በቀር ምንም አልሆነልኝም። ባድሜንተን ስጫወት ግን ሰዓቱ መቼ እንደሄደ አላውቅም። ቅዳሜ ጠዋት አዳራሽ ተከራይተው ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር ተቀላቀልኩና ይኸው ሁለት ዓመት አለፈኝ።

አሁን ጀማሪ አይደለሁም፤ ጎበዝ ነኝ ማለትም አልችልም። የሜዳው ርዝመት 13 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ነው። ሻትሏን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላኛው ጫፍ ማድረስ እችላለሁ፤ ከአሥር ጊዜ ስድስቱን ያህል። በእጄ ጀርባ መምታት ሲኖርብኝ ግን አሁንም እደናገጣለሁ። መካከለኛ ተጫዋች የሚባለው እንግዲህ እንደ እኔ ያለው ነው። የሱፐርማርኬቱ ራኬት አንሶታል፤ የሻምፒዮኑ ደግሞ ገና ይበዛበታል።

አሥር ደቂቃ የፈጀ ግዢ

ፖስታውን ይዤ ሱቅ ከመሄዴ በፊት የነበሩትን ምሽቶች ያሳለፍኩት በ2016 ዓ.ም. ክረምት የተካሄደውን የፓሪስ ኦሎምፒክ ጨዋታ በስልኬ ደጋግሜ በማየት ነበር። ዴንማርካዊው ቪክቶር አክሰልሰን የወንዶች ነጠላ ወርቁን ሲወስድ የሚመታው ስማሽ ዓይኔ ላይ ቀርቷል። አክሰልሰን ቁመቱ 1 ሜትር ከ94 ሴንቲ ሜትር ነው። የእኔ 1 ሜትር ከ58። ሱቅ ስገባ ይህን ልዩነት ጨርሶ ረሳሁት።

ሻጩ ጥቁር፣ በወርቅማ ቀለም የተጻፈበት ራኬት አወረደልኝ። «እህቴ፣ ሻምፒዮኖቹ የሚጫወቱበት ዓይነት ነው» አለኝ። ዋጋው 8,800 ብር። ትንሽ ከበድ አለኝ ስለው «ስማሽ ሲመቱበት ይገባዎታል» አለኝ። ለአንድ ኪሎ በርበሬ መርካቶን ሦስት ጊዜ የምዞር ሴት፣ ያንን ራኬት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ገዝቼ ወጣሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእኔ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይል ነበር። ድምፁ ብቻ ልብ ይሞላል። በአራተኛው ሳምንት የቀኝ ክርኔ ውጨኛው ጎን ማመም ጀመረ። ይለቀኛል ብዬ ዝም አልኩ። አንድ እሑድ አማቴ ቤታችን መጥተው ቡና ሳፈላ፣ ጀበናውን አንስቼ ሁለተኛውን ሲኒ ስሞላ ክንዴ ከዳኝ። ቡናው ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። «ምን ነካሽ ልጄ?» አሉኝ አማቴ። በ8,800 ብር የገዛሁት ሕመም ነው ብዬ እንዴት ልመልስላቸው? «እቃ ሳነሳ ነው» አልኩ። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝና ምንም አላለም።

ፊዚዮቴራፒስቷ ክርኔን ነካ ነካ አድርጋ «በቅርቡ የቀየሩት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ራኬቱን ነገርኳት። እረፍትና የሚሠሩ ጥቂት እንቅስቃሴዎች አዘዘችልኝ። በዚያ ሰሞን ከክንዴ ይልቅ ያመመኝ ሌላ ነገር ነበር። ለራሴ የመጀመሪያውን ነገር ስገዛ ማበላሸቴ፣ «ድሮም ለልጆቹ ባደርገው ይሻል ነበር» አሰኘኝ። ይህን አባባል ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እገምታለሁ።

ጣት ላይ የሚታይ ሚዛን

ጨዋታ ባልችልም ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሽ እየሄድኩ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ልጆቹን የሚያሠለጥነው ወጣት ራኬቴን ተቀብሎ እጀታውን ገለበጠ፤ ከዚያ ዘንጉን በአንድ ጣቱ ላይ አጋደመው። የራኬቱ ራስ ወደ ታች ዘመመ። «እትዬ፣ ይሄ መጥፎ ራኬት አይደለም» አለኝ። «ግን የእርስዎ አይደለም።» ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዳኝ። እኔም በተራዬ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ክብደት። እጀታው አካባቢ በላቲን ፊደል 3ዩ፣ 4ዩ ወይም 5ዩ የሚል ምልክት አለ። ቁጥሩ ሲጨምር ክብደቱ ይቀንሳል። 3ዩ ከ85 እስከ 89 ግራም፣ 4ዩ ከ80 እስከ 84፣ 5ዩ ደግሞ ከ75 እስከ 79 ግራም ነው። አምስት ግራም ምን ልዩነት አለው ትሉ ይሆናል። በአንድ ጠዋት ብዙ መቶ ጊዜ ክንዳችሁን ስታነሱ ግን ይታወቃችኋል። የእኔው 3ዩ ነበር። ለአብዛኛው መካከለኛ ተጫዋች 4ዩ ጥሩ መነሻ ነው።

ቀጥሎ ሚዛን። ራኬቱን በጣታችሁ ላይ አጋድማችሁ የሚረጋበትን ነጥብ ፈልጉ። ከእጀታው ጫፍ ጀምሮ 29 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ከረጋ ሚዛኑ መካከለኛ ነው። ነጥቡ ወደ ራሱ ከራቀ ራሱ ከባድ ነው፤ ለስማሽ ኃይል ይሰጣል፣ ክንድንና ትከሻን ግን ይፈትናል። ወደ እጀታው ከቀረበ ራሱ ቀላል ነው፤ መረብ አጠገብ ለሚደረግ ፈጣን ልውውጥ ይመቻል። ገና የራሱን አጨዋወት ላላወቀ ሰው መካከለኛው ይበጃል።

ሦስተኛው የዘንጉ ግትርነት ነው። እኔ ስገዛ ስለዚህ መጠየቅ እንዳለብኝ እንኳ አላውቅም ነበር። ግትር ዘንግ የሚታዘዘው በጣም ፈጣን ለሆነ ክንድ ነው። ክንዱ ዘገም ያለ ሰው በግትር ዘንግ ሻትሏን ሩቅ ለማድረስ ሲል በጉልበት ይመታል፤ ጉልበቱም ዞሮ ክርኑ ላይ ያርፋል። መካከለኛ ወይም ለስለስ ያለ ዘንግ ግን ሲመቱበት ትንሽ ጎንበስ ብሎ ሲመለስ ሻትሏን ያግዛታል።

እጀታውም ልክ አለው። ጂ4፣ ጂ5 እየተባለ ይጻፋል፤ በብዙዎቹ ራኬቶች ቁጥሩ ሲጨምር እጀታው ይቀጥናል። እጁ ትንሽ ለሆነ ሰው ጂ5 ይስማማል። ቀጭን ቢሆንባችሁ መጠቅለያ ደርባችሁ ታወፍሩታላችሁ፤ የወፈረውን ማቅጠን ግን ቀላል አይደለም። አያያዛችሁም ለቀቅ ያለ ይሁን፤ ጠበቅ የሚደረገው ሻትሏን በምትመቱበት ቅጽበት ብቻ ነው። እኔ ያንን ከባድ ራኬት እንዳያመልጠኝ ጨዋታውን በሙሉ ጨምድጄው ነበር የምጫወተው።

የመጨረሻው ክሩ ነው። የእኔ ራኬት በ28 ፓውንድ ተወጥሮ ነበር። ሻጩ «ጠበቅ ያለ ነው» ያለኝ እንደ ምስጋና ነበር። በጣም የተወጠረ ክር ሻትሏን መሃሉን አስተካክሎ ለሚመታ ሰው ይታዘዛል፤ ሌላውን ግን ክንዱን ያንቀጠቅጠዋል። ለመካከለኛ ተጫዋች ከ20 እስከ 24 ፓውንድ ይበቃል። ፍሬሙ የሚችለው ከፍተኛ ውጥረት ራሱ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ አትለፉ።

ዘጠኝ ሺህ ብር ሲከፋፈል

ጥቁሩን ራኬት አዳራሽ ውስጥ ለሚጫወት ጠንካራ ወጣት በ6,000 ብር ሸጥኩለት። ለምን እንደምሸጠው አልደበቅኩትም። ሁለት ጊዜ ስማሽ መታበትና ሳቀ፤ ለእሱ ክንድ የተሠራ ነበር። እኔ 2,800 ብር ከሰርኩ፤ የትምህርት ክፍያ ብዬ ይዤዋለሁ።

በስድስት ሺዋ ብር እንዲህ አደረግኩ። 4,700 ብር ለራኬቱ፦ ስሙ ብዙም ያልገነነ፣ ሙሉ በሙሉ ከካርቦን የተሠራ፣ 4ዩ፣ ሚዛኑ መካከለኛ፣ ዘንጉ ለስላሳ፣ እጀታው ጂ5። አንድ ሺህ ብር ለክርና ለማስወጠሪያ፦ ወፈር ያለ፣ 0.70 ሚሊ ሜትር፣ ቶሎ የማይበጠስ ክር በ22 ፓውንድ። የቀረው 300 ብር ለእጀታ መጠቅለያ። ከመክፈሌ በፊት ሻጩን ለምኜ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሜ ሃያ ጊዜ ያህል አየር ላይ ወዘወዝኩት። ሰው ያያል ብላችሁ እንዳታፍሩ።

ያገለገለ ራኬትም በጀት ለሚያጥረን መልካም ነው። ግን ጥፍራችሁን በፍሬሙ ዙሪያ አሳልፉ፤ ስንጥቅ ካለ ይያዛል። ክር የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ላይ ያሉት ፕላስቲኮች ተሰብረው እንዳልሆነም እዩ። ክር ሲበጠስባችሁ ደግሞ የቀረውን ከመሃል ጀምራችሁ ቶሎ ቁረጡት፤ አለዚያ ውጥረቱ በአንድ ወገን ሆኖ ፍሬሙን ያጣምመዋል።

ለእኛ አዲስ አበቤዎች አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሻትል ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ ፈጥኖና ርቆ ይሄዳል። ስለዚህ የናይለን ሻትል ስትገዙ ቡሹ ላይ ያለውን ቀለበት እዩ፦ አረንጓዴ ዘገምተኛ፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ቀይ ፈጣን ነው። ለእኛ አረንጓዴው ይሻላል። ሻትሏ ከሜዳው ውጪ እየወጣች ያስቸገረቻችሁ ከሆነ፣ ጥፋቱ የራኬታችሁም የክንዳችሁም ላይሆን ይችላል።

«እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» ይላሉ አበው። ራኬትም ሲገዛ እንደ ክንድ ነው።

አሁን ክርኔ ድኗል። ባለፈው ቅዳሜ ልጄን አዳራሽ ይዣት ሄድኩ፤ 21 ለ17 አሸነፈችኝ። ቁጭ ብለን ውኃ ስንጠጣ አዲሱን ራኬቴን አገላብጣ አየችና «እማዬ፣ ለእኔ ትሰጭኛለሽ?» አለችኝ። አፌ ላይ የመጣው «እሺ» ነበር፤ እናት አይደለሁ? ከዚያ እጇን ያዝኩና ከእኔ እጅ ጋር አለካካሁት። የእሷ ጣት ከእኔ ያጥራል።

«አይሆንም» አልኳት። «ይሄ የእኔ ነው። ላንቺ በልክሽ እንፈልጋለን።»

የሚቀጥለው እቁብ ሲወጣ ሌላ ፖስታ ይዘጋጃል። የእኔ ራኬት ግን ከልጆቹ የትምህርት ቤት ቦርሳ አጠገብ፣ በራሱ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።